ሙሉ ባሩድ

በቅሎዋ ቁልቁለቱን አልወደደችውም፤ ኦርሶላ ግን ተረከዟን ጎኗ ላይ እየሰካች ነዳቻት። ከጋርዶኔ ወደ ብሬሻ የሚወርደው መንገድ በሌሊቱ ዝናብ ጨቅይቷል። ከኮርቻው ኋላ የታሰረው ጆንያ በቅሎዋ በተራመደች ቁጥር ቋ ቋ ይላል። በትከሻዋ ያነገተችው ረጅም ነፍጥ የአባቷ ሥራ ነው፤ ሳታስፈቅድ ከግድግዳ ላይ አውርዳው ነው የወጣችው።

አባቷ ማስትሮ ቦርቶሎ ከኋላ በአህያ ይከተላታል። ልጁ ነፍጥ ይዛ መውጣቷን የሰማው እቶኑ ፊት እንደቆመ ስለነበር የቆዳ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። በመንገድ የሚያልፉት ከሰል ጫኞች፣ ሸለቆው ሁሉ የሚያውቀው ነፍጥ ሠሪ በሽርጥ አህያ ላይ ተቀምጦ ሴት ልጁን ሲያሳድድ አይተው ተሳሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ቆዪ እንነጋገር።»

«ተናገር አባዬ። ጆሮዬ ከኋላም ይሰማል።»

«አፖሎኒዮ እኮ ባዳ አይደለም። ወንድምሽን ኮሚኖን ክርስትና ያነሳው ማን ሆነና?»

«ለዚህ እኮ ነው የምሄደው። ባዳ ቢሆንማ ሰው ልኬ አሰድበው ነበር።»

«ልጄን የገደለው ስፔኑ ነው፤ አፖሎኒዮ አይደለም።»

«ስፔኑ ጠላት ነው፤ ሥራውን ሠራ። ወዳጃችን ምን ሠራ? እኔ የምጠይቀው እሱን ነው።»

 ጆንያው ውስጥ ያለውን ቦርቶሎም አይቶታል። እጁን አስገብቶ ዳስሶታል፤ ከዚያ ምንም ሳይል ተመልሶ መዶሻውን አነሳ። ኦርሶላን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይህ ነበር።

ጆንያው ውስጥ ያለው የወንድሟ የኮሚኖ የደረት ጥሩር ነው። ባለፈው እሑድ የጦር ጓደኛው ይዞት መጣ፤ ኮሚኖን ራሱን ግን ከሚላኖ መንገድ ዳር፣ በወደቀበት ቦይ አፋፍ ቀብረውት ነው የተመለሱት። ጥሩሩ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንዱ ከግራ ጡት በላይ ያለ፣ አውራ ጣት ልክክ ብሎ የሚገባበት ስርጉድ ነው። የሙከራ ጠባሳ ይሉታል። የብሬሻ ጥሩር ሠሪ ሁሉ ሥራውን ከመሸጡ በፊት ግቢው ውስጥ ግንድ ላይ አስሮ በነፍጥ ይተኩስበታል፤ አረሩ ብረቱን ሳይበሳው ከቀረ ስርጉዱን ሳያቃና እንዳለ ይተወዋል። ገዢም መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አውራ ጣቱን እዚያ ውስጥ መክተት ነው። ኮሚኖም ከትቶ ነበር። «ይኸው፣ አንዴ ሞቼ ተነሥቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሞትም» ብሎ ሲስቅ ኦርሶላ አጠገቡ ቆማ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ከጠባሳው ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ያለ ክብ ቀዳዳ ነው፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

የአባቷ ዓይን ከደከመ ወዲህ አዲስ የተሠራውን ነፍጥ ሁሉ ተኩሳ የምትፈትነው ኦርሶላ ናት። ያው ብረት፣ ያው አረር ሆኖ አንዱ ሲቆም ሌላው ካለፈ፣ ልዩነቱ የት እንዳለ ማንም ሊያስተምራት አያስፈልግም። ባሩዱ ላይ ነው። ይህን ካሰበች ጀምሮ እህል በቅጡ አልወረደላትም። ደግሞም ታናሽ ወንድሟ ጆቪታ «የኮሚኖን ቦታ እሞላለሁ» ብሎ ለጦር አለቃው ለአስካኒዮ ስሙን ሰጥቷል። ጭፍራው ዛሬ ቀትር ላይ ይነሣል፤ ጥሩር የሚለብሰውም የኮሚኖን ከሠራው ከዚያው ከአፖሎኒዮ ግቢ ነው። ሁለተኛውን ወንድሟን በዚያው ብረት ተጠቅልሎ ሲሄድ ቆማ ልታይ አልፈለገችም።

የከተማው በር ላይ ግንበኞች የድሮውን ረጅም ግንብ ከአናቱ እየናዱ ያሳጥሩታል፤ ከኋላውም አፈር ይከምሩለታል። ያን ግንብ ያቆሙት አያቶች በቁመቱ ይኮሩ ነበር፤ መድፍ ከመጣ ወዲህ ግን ቁመት ማለት ለመመታት መመቸት ሆኗል። ዘበኛው የኦርሶላን ነፍጥ አየና ከነፍጥ ሠሪዎቹ መንደር ከጋርዶኔ መሆኗን ስላወቀ ምንም ሳይጠይቅ አሳለፋት። ጥሩር ሠሪዎች ሰፈር ስትደርስ የመዶሻው ድምፅ ከየደጁ ተቀበላት።

የአፖሎኒዮ ግቢ በወታደር ተሞልቷል። ጥሩሮቹ በግድግዳው ላይ በተርታ ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዱ ከግራ ጡቱ በላይ አንድ ጠባሳ አለው። ወታደሮቹ እየተጋፉ አውራ ጣታቸውን ይከታሉ፤ ማሰሪያ ይጠባበቃሉ፤ አንዱ የሌላውን ሆድ እየመታ «ይህን ከርስ የሚችል ብረት ገና አልተሠራም» ይለዋል። የጦር አለቃው አስካኒዮ የከፋይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ የረጋ የማሽላ ገንፎ በአይብ ይበላል። ጆቪታ መካከል ላይ ቆሟል፤ ጥሩሩን ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ኦርሶላ ከበቅሎዋ ወርዳ ጆንያውን እየጎተተች ገባች። የሚጋፉት ወታደሮች መንገድ ለቀቁላት።

«ማስትሮ አፖሎኒዮ፣ እንደምን አደሩ።»

ሽማግሌው ጢሙ በእሳት ፍንጣሪ እዚህም እዚያም የተቃጠለ፣ ትከሻው ግን ገና ያልዛለ ሰው ነው። ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ኦርሶላን ይህም አናደዳት።

«ልጄ ኦርሶላ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለኮሚኖ ቅዳሴ አስቀድሻለሁ።»

«ቅዳሴው ይቆይ። ይህን ያውቁታል?» ጥሩሩን ከጆንያው አውጥታ እግሩ ሥር ጣለችው።

አፖሎኒዮ ጎንበስ ብሎ አየው። አላነሳውም። «የእጄ ሥራ ነው» አለ።

«ጠባሳውስ?»

«እሱም የእኔ።»

«ቀዳዳውስ የማን ነው?»

«ከቅርብ ተኩሰውበት ይሆናል፣ ልጄ። እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ ከሆነ...»

«እግዜርን ተዉት፤ እሱ ጥሩር አይሠራም። በምን ያህል ባሩድ ነው የሞከሩት?»

«በሙሉ ባሩድ። እንደ ደንቡ።»

«እስቲ ጮክ ብለው ይንገሩን። ጆቪታም ይስማ።»

ጆቪታ ፊቱ ቀልቶ መጣ። «እህቴ፣ ምን ሆነሻል? ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ቤት ሄደሽ አልቅሺ።»

«ዛሬ ለሱ ጊዜ የለኝም።»

በግንዱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የግቢው የሙከራ ዕቃ እንደተቀመጠ ነው፤ ነፍጡ፣ የአረሩ ከረጢት፣ ከቀንድ የተሠራው የባሩድ መስፈሪያ። ኦርሶላ መስፈሪያውን አነሳችው። ከውጭ ሲታይ ቁመቱም ስፋቱም ደንቡ የሚያዘው ነው። ጣቷን አስገባች፤ ጣቷ ግን መሄድ ከሚገባው ሳይደርስ መሐል ላይ ቆመ። ቢላዋዋን አወጣችና ውስጡን ፈለፈለችው። በጥላሸት የጠቆረ ድቡልቡል ነገር ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ።

አንድ ሪዛም ወታደር አነሳውና አሸተተው። «ሰም ነው» አለ።

«ማስትሮ ማታ ማታ ሻማ ይሠራሉ ማለት ነው» አለ ሌላው። ሁለት ሦስት ሰው ሊስቅ ጀመረና ተወው። ሁሉም መስፈሪያውንና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ብረት ማየት ጀመሩ።

«ግማሽ ነው» አለች ኦርሶላ። ድምፅዋ አልጨመረም። «አንተ ሰውዬ፣ በግማሽ ባሩድ እየተኮስክ ነው ለሰው ነፍሱን የምትሸጥለት?»

ቦርቶሎ በዚህ ጊዜ አህያውን በር ላይ ጥሎ እያለከለከ ገብቶ ነበር። «ኦርሶላ፣ የአባትሽን እኩያ አንተ ትይዋለሽ?»

«አንቱታውን ከኮሚኖ ጋር ቀብሬዋለሁ» አለችው፤ ዘወር ብላም አላየችው። «ጆቪታ፣ አውልቅ።»

«አላወልቅም።»

«አውልቅ፣ ወንድሜ» አለ ሪዛሙ፤ ከጎኑ ቆሞም የጆቪታን ማሰሪያ ራሱ ይፈታ ጀመር። «እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። የኔም ከዚሁ ግድግዳ ላይ የወረደ ነው።»

ጥሩሩን ግንዱ ላይ አሰሩት። ኦርሶላ ከወገቧ የባሩድ ቀንዷን ፈታች፤ የቤቷን መስፈሪያ ጢም አድርጋ ሞላችና ሁሉ እያያት አፈሙዙ ውስጥ ገለበጠችው። አረሩን ጨመረች፣ በዘንጉ ጎሰመችው፣ በጎን ባለችው ጉድጓድ ደቃቁን ባሩድ ነሰነሰች፤ የነፍጡን መለኮሻ ክር ከእቶኑ አቀጣጠለች። አስካኒዮን አንድ ጊዜ አየችው። እሱ ገንፎውን እያኘከ በእጁ ቀጥይ አላት። ወታደሮቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

ተኮሰች። ጭሱ ግቢውን ሞላው። ሲገለጥ የጆቪታ ጥሩር ላይ፣ ከሙከራው ጠባሳ ሥር፣ ክብ ቀዳዳ ነበር። ጆቪታ ሄዶ አየው። ከዚያ ሳያስበው እጁን ደረቱ ላይ፣ እዚያው ቦታ ላይ አሳረፈ።

ኦርሶላ ነፍጡን እንደገና አጎረሰች። ከግድግዳው ሌላ ጥሩር አወረደችና ለአፖሎኒዮ ዘረጋችለት። «ልበሰው» አለችው። «ሙሉ ነው ብለሃል። ልበሰውና ግንዱ ጋ ቁም።»

ሽማግሌው ተቀበላት። ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት ቆየ፤ ሁሉም ጠበቁት። ከዚያ ተመልሶ ቦታው ላይ ሰቀለው። ሰው ሁሉ የሚፈልገውን መልስ አገኘ።

«ሙሉ ባሩድ የሚችል ጥሩር መሥራት አልችልም መሰላችሁ?» አለ አፖሎኒዮ፤ አሁን እሱም ተቆጥቷል። ጥግ ላይ አቧራ የለበሰውን ወፍራም ብረት በእግሩ ነካ። «ያውላችሁ። ይህን የሚበሳ የለም። ማን ገዛው? ለብሶ ሦስት እርምጃ የሄደ ሰው አላየሁም። ኮሚኖ እዚሁ ለብሶት ‘ዝይ መሰልኩ’ ብሎ ሳቀ፣ አወለቀው፣ ቀላሉን መረጠ። በአባቴ ጊዜ እዚህ ግቢ የሚፈተነው በቀስት ነበር፤ ብረት ያሸንፍ ነበር። ከዚያ እናንተ መጣችሁ።» ጣቱን ወደ ቦርቶሎ ቀሰረ። «እሱ በየዓመቱ ነፍጡን ያበረታል፤ እኔ በየዓመቱ ብረቱን አወፍራለሁ። የሰው ትከሻ ግን አይወፍርም። የሚገድለውን የሠራው አባትሽ ሆኖ ሳለ እኔን ብቻ ምን አድርግ ትይኛለሽ?»

ቦርቶሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«አንዲት ቃል» አለች ኦርሶላ። «ቀላሉን ሲመርጥ አንዲት ቃል ነበር የምትነግረው። ‘ልጄ፣ ይሄ አያድንህም፤ ቦይ ውስጥ ከገባህ ቀና አትበል’ ማለት ይህን ያህል ከበደህ? ጓደኛው ነግሮኛል። ሌሎቹ ሲተኙ ኮሚኖ ቆመ። የቆመው ጀግና ስለሆነ አይደለም። አውራ ጣቱን እዚህ ውስጥ ከትቶ፣ አንተን አምኖ ነው የቆመው። ባዶ ደረቱን ቢሆን ኖሮ ይተኛ ነበር። ባዶ ደረቱን ቢሆን ዛሬ ቤቱ ነበር።»

«ለሱ ብነግረው ለሁሉም መንገሬ አይደል?»

«አዎ። ለሁሉም።»

 ሪዛሙ ወታደር የራሱን ማሰሪያ ፈታ፤ ጥሩሩን ራሱ ላይ አውጥቶ ግቢው መሐል ወረወረው። ሌላው ተከተለ። ብረት በብረት ላይ ሲወድቅ ጩኸቱ ሰፈሩን አዳረሰ፤ የጎረቤት ጥሩር ሠሪዎች በአጥር ላይ ብቅ ብቅ አሉ፤ ክምሩን ሲያዩ ደግሞ አንድ በአንድ ራሳቸውን መለሱ። እነሱም ቤት እንዲሁ ያለ መስፈሪያ አለ። አፖሎኒዮ የሕይወቱ ሥራ እግሩ ሥር ሲከመር እያየ ቆመ፤ ኦርሶላ ልታዝንለት ፈልጋ አልሆነላትም።

ለጥቂት ጊዜ የተሳካላት መሰላት። ጆቪታ በሸሚዝ ብቻ ቀርቷል፤ ገና ልጅ ሳለ ከወንዝ ሲወጣ ይመስል ነበር እንዲህ። ክንዱን ያዘችው። «በል፣ ወደ ቤት እንሂድ። በቅሎዋ ሁለታችንንም ትችላለች።»

አስካኒዮ ያን ጊዜ ከበርጩማው ተነሣ። እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ኮፍያውን ደፋ፣ ወደ ግንዱ ሄደ። እንደ ሌላው ሰው አውራ ጣቱን ጠባሳው ውስጥ አልከተተም። ትንሿን ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ሰደዳት።

«አረሩ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል» አለ፤ ድምፁ የተደሰተ ሰው ድምፅ ነበር። «ብረቱን አልፎ እንጨቱ ውስጥ። የቆምሽው እዚያ ነበር አይደል?» በዓይኑ ርቀቱን ለካ። «አባቴ ፈረሰኛ ነበር። ነፍጥ ይዞ የተማረከን ሰው እጅ ያስቆርጥ ነበር፤ ‘ፈሪ በሩቅ ቆሞ ጨዋ ይገድላል’ እያለ። በኋላ እሱን ራሱን አንድ ቆዳ ፋቂ አጥር ተከልሎ ገደለው። እኔ ከዚያ ወዲህ ስለ ጨዋና ስለ ፈሪ አልከራከርም።» ወደ ኦርሶላ ዞረ። «ይህ ነፍጥ የማን ሥራ ነው?»

ኦርሶላ የጥያቄውን መጨረሻ ያኔ አየችው። አፏን ዘጋች። ግን ባለ ሽርጡ አባቷ እዚያው ቆሟል፤ ግቢው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«የኔ ነው፣ ጌታዬ» አለ ቦርቶሎ።

«ለጭፍራዬ ሁሉ ሥራልኝ። ለያንዳንዱ ሰው አንድ። እስከዚያ ከከተማው ግምጃ ቤት ባለው እንሄዳለን። ጥሩሩ እዚሁ ይቅር፤ ልጅህ እውነቷን ነው፣ ሸክም ብቻ ነው።»

«አባዬ፣ እሺ እንዳትል።»

ቦርቶሎ ሊያያት አልደፈረም። «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይሠራዋል፣ ልጄ።»

«አፖሎኒዮም የሚለው እኮ ይህንኑ ነው።»

«እሺ፣ ጌታዬ» አለ ቦርቶሎ ለአስካኒዮ። ከእሑድ ጀምሮ ጎብጦ የነበረው ወገቡ ቀና ብሎ ነበር። ኦርሶላ ይህን አየች፤ ከዚያ ቀን በኋላም እንዳላየች መሆን አልቻለችም። ጥግ ላይ የቆመው አፖሎኒዮ ጠውላጋ ሳቅ ሳቀ፤ መልሱን ሌላ ሰው እስኪሰጥለት ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ነበር።

ወታደሮቹ ወደ በሩ ጎረፉ። ቅድም በንዴት ብረት ሲወረውሩ የነበሩት ሰዎች አሁን ስለ ነፍጥ ያወራሉ፤ ሪዛሙ «እንግዲህ ስፔኑም ጥሩሩን ያውልቅ» ይላል። ጆቪታ ክንዱን ከእህቱ እጅ ቀስ ብሎ አስለቀቀ።

«ስጪኝ» አላት፣ ነፍጡን እያየ።

«ወደ ቤት እንሂድ ብዬሃለሁ።»

«ስሜን ሰጥቻለሁ፤ ዛሬ ብመለስ ዕድሜ ልኬን ‘እህቱ የመለሰችው’ እባላለሁ። ጥሩሩን በሳሽብኝ፤ ደግ አደረግሽ፣ አልቆጣም። ግን ባዶ እጄንም ልሂድ?» አፈሙዙን ያዘ። አለቀቀችም፤ ሳበው፤ ሳበችው። መጨረሻ ላይ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታቸው፤ ልክ ልጅ ሳሉ ለውዝ ሲቀማት ያደርግ እንደነበረው። ክሩ ገና ይጨስ ነበር። ኦርሶላ ከነፍጡ ላይ ነቀለችውና ጭቃው ውስጥ ረግጣ አጠፋችው።

ጆቪታ ነፍጡን ትከሻው ላይ አድርጎ ሚዛኑን ሞከረ። ከዚያ እጁን ዘረጋላት። «ሙሉ ባሩድ ምን ያህል ነው? አሳዪኝ።»

በጥፊ ልትለው እጇ ተነሥቶ ነበር። ልኩን ብታሳንሰው አረሩ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ያኛው ሰው ቀድሞ ይገድለዋል፤ ብታበዛው ብረቱ ፊቱ ላይ ይፈነዳል። እዚህ ግቢ ውስጥ ትክክለኛውን ልክ የሚያውቁት እሷና አባቷ ናቸው፤ አባቷ ደግሞ ከአስካኒዮ ጋር እየተነጋገረ ነው። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ፤ የንዴት እንባ ነበር፣ አልጠረገችውም።

ቀንዷን ፈታችና የወንድሟን መዳፍ ከሥር በግራ እጇ ደገፈች። ጥቁሩን ባሩድ መሐል መዳፉ ላይ፣ ቀስ አድርጋ፣ ልኩ እስኪደርስ አፈሰሰችለት።

«ይህን ያህል» አለችው። «ቅንጣት አትቀንስ።»